አሳ አሳ የሚለው ልብስ በአቼቶ ይለቃል?

የሽምብጧ፦
ሰላም ለቤቱ። ባለቤቴ ሐይቁ ዳር አሳ ይሸጣል፤ አምባዛና ቆሮሶ ሲያጸዳ ነው የሚውለው። ልብሱን በዱቄት ሳሙና ዘፍዝፌ ባሸው ባለቀልቀው ሲደርቅ ያው ይከረፋል። አሁን በክረምቱ ደግሞ ገመድ ላይ ሦስት ቀን ይቆይና የእርጥበት ሽታ ይጨመርበታል። በረኪና ሞከርኩ፣ ሸሚዙ ተዥጎረጎረ እንጂ ሽታው ንቅንቅ አላለም። ጎረቤቴ ነጭ አቼቶ አድርጊበት አለችኝ። ሰላጣ ላይ የምናደርገውን ማለቷ ነው? ማሽን የለኝም፣ በሳፋ ነው የማጥበው።

አባይ ማዶ፦
አዎ እሱኑ ነው እህቴ። የአሳ ሽታ የሚመጣው አሚን ከሚባል ነገር ነው፣ አሲድ ሲያገኘው ይከሽፋል፤ አሳ ላይ ሎሚ የምንጨምቀው ለምን መሰለሽ? መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂው፣ ደም ያለበትን ሙቅ ውሃ ካስነካሽው ይጣበቅብሻል። ከዚያ እንደ ወትሮው በሳሙና እጠቢና ሳሙናው ከለቀቀ በኋላ፣ በመጨረሻው ማለቅለቂያ፣ 10 ሊትር ለሚሆን ውሃ ሁለት የቡና ሲኒ አቼቶ ጨምረሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ተይው። ከሳሙናው ጋር አንድ ላይ አታድርጊው፣ እርስ በርስ ይጣፋሉ፣ ሁለቱንም ማባከን ነው። የአቼቶው ሽታ ሲደርቅ አብሮ ይተናል።

ዝም ብዬ አንባቢ፦
በረኪና ስትይ ደነገጥኩ! በረኪናና አቼቶን በአንድ ሳፋ እንዳታገናኚያቸው። ክሎሪን ጋዝ ነው የሚያወጣው፣ ጉሮሮና ሳንባ ያቃጥላል። እኔ አንዴ በሩ የተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደባልቄያቸው እያሳለኝ ሮጬ ወጣሁ። በረኪና የነካውን ልብስ በደንብ ሳታለቀልቂ አቼቶ አታስጠጊው።

የጥለት ነገር፦
ሽታ ላይ እስማማለሁ። ግን አቼቶ ቀለም ያስይዛል የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉን። ያንን ሰምቼ ለጥምቀት ያሠራሁትን ቀሚስ ዘፈዘፍኩት፣ የጥለቱ ቀይ ነጩ ላይ ወርዶ ሮዝ አደረገው። ለካ ሱፍና ሐር ላይ ለአንዳንድ ቀለም ነው የሚሠራው፣ ጥጥ ላይ ዋጋ የለውም። ሸማኔውን ስነግረው ሳቀብኝ።

የሽምብጧ፦
ተባረኩ! ሁለት ሸሚዝ ሞከርኩ። አንዱ ለቀቀ። ሌላው ብብቱ ላይ ትንሽ ቀርቶበታል፣ ነገ እደግመዋለሁ። ባለቤቴ ጠዋት ሲለብሰው አሸተተና «የማን ልብስ ነው?» አለኝ።