ቀላል ስፖርት መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ልሞክር ነው፤ ምን ልይ?

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ አንድ የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ሚያታ ለማየት ቀጠሮ አለኝ። ሁለት ወንበር፣ ጣሪያው የሚከፈት፣ ባለ 1.6 ሞተር፣ ማንዋል። ችግሩ ማንዋል ከነዳሁ 8 ዓመት አልፎኛል። የለመድኩት ከፍ ያለ አውቶማቲክ ነው። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፤ አጠገቤ ተቀምጠው ሞተሩ ቢጠፋብኝስ? ደግሞ ፎቶውን ካየሁ ጀምሮ ልቤ ሄዷል፤ ጉድለቱን ዓይቼ እንዳላየሁ እንዳልሆን ፈርቻለሁ። ምን ልይ? ምንስ ልስማ?

ዘይት በእጁ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት እጅህን ኮፈኑ ላይ አድርግ። ሞቆ ከጠበቀህ ቀድመው አስነስተውታል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ይናገራል፤ "ሳልመጣ አያስነሱት" ብለህ በስልክ ንገራቸው። ሲነሳ ትንሽ ቲክ ቲክ ቢል አትደንግጥ፤ የእነዚህ ሞተሮች ልማድ ነው፣ ሲሞቅ ይተወዋል። ሰማያዊ ጭስ ካየህ ግን ዘይት እየበላ ነው።

ሁለተኛ ማርሽም ጠዋት ጠዋት ያንገራግራል። በግድ አታስገባው። ሩብ ሰዓት ከነዳህ በኋላም እንቢ ካለ ካምቢዮው ውስጥ ነገር አለ።

ዋናው ግን ዝገት ነው። ጣሪያው ላይ ያረፈው ዝናብ ከወንበሮቹ ጀርባ ባሉ ቀዳዳዎች ነው ወደ መሬት የሚወርደው። ቀዳዳዎቹ በቅጠልና በአፈር ሲደፈኑ ውሃው ከበሩ ስር ያለው ቦዲ ውስጥ ይተኛና ከውስጥ እየበላው ይመጣል። ስለዚህ ተንበርከክ። ከኋላ ጎማው ፊት ያለውን ታችኛውን ጠርዝ በጣትህ ዳስሰው። ቀለሙ እንደ ብጉር ካበጠ ነገሩ ከውስጥ ጀምሯል። ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ምንጣፍም ጫን በለው፤ እርጥብ ከሆነ መልስህን አገኘህ።

የሞተሩ ቺንጋ (ታይሚንግ ቤልት የሚሉት) መቼ እንደተቀየረም ጠይቅ። በ100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቀየራል። በዚህ ሞተር ቢበጠስም ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው ሞተሩን አይሰብሩትም፤ መንገድ ላይ መቆም ግን አይቀርልህም።

ጣሪያ አልባ፦ ስለ አነዳዱ እኔ ልጨምር። ከ115 ፈረስ ጉልበት ብዙም የማይዘል ሞተር ነው። ቁጥሩን አይተህ "ይቺማ ምን ጉልበት አላት" ትል ይሆናል። ክብደቷ ግን 950 ኪሎ አካባቢ ነው። ደግሞ ስትቀመጥ መሬት ላይ የተዘረጋህ ነው የሚመስልህ። መብራት ላይ አጠገብህ የጭነት መኪና ሲቆም የጎማው ብሎኖች ዓይንህ ትክክል ናቸው! በ50 ስትሄድ 80 የሄድክ ይመስልሃል። እና እባክህ ለመብረር አትቸኩል። የዚች መኪና ጣዕሟ ዝግ ባለ ፍጥነት መታጠፊያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ጣሪያውን ዘግተህ፣ ሬዲዮውን አጥፍተህ ንዳ። ንፋስ ስንቱን ድምፅ ይደብቃል መሰለህ። ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ መሪውን ላላ አድርገህ ያዝ፤ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች? ፍሬን ስትይዝ እግርህ ስር ይርገበገባል? ያንን ሰምተህ ከጨረስክ በኋላ ክፈተውና ተደሰት።

አንድ ነገር ግን ያዝልኝ። የምትገፋው በኋላ ጎማ ነው፤ ከመንሸራተት የሚያድን ኮምፒውተርም የላትም። ፍሬን መታጠፊያው ሳይደርስ ይያዛል። ውስጡ ከገባህ በኋላ ደንግጠህ እግርህን ከነዳጁ ድንገት ብታነሳ፣ በተለይ ዝናብ ካለ፣ ጀርባዋ ሊቀድምህ ይችላል።

እታለም፦ ሞተር ስለ መጥፋቱ አትጨነቅ። እኔ የመጀመሪያውን ትውልድ ሎተስ ኤሊዝ፣ ሌላ ቀላል ስፖርት መኪና ነው፣ ልሞክር ሄጄ ሦስቴ አጥፍቼዋለሁ። ለነገሩ እሱ ውስጥ መግባቱ ራሱ ፈተና ነው፤ ከበሩ ስር ያለው ቦዲ ሰፊ አግዳሚ ነው፣ ቀሚስ ለብሼ ነበር፣ ባልናገረው ይሻላል።

ዘዴው ቀላል ነው። ሶሉ ቀጭን ጫማ አድርግ። ፔዳሎቹ ተቀራራቢ ናቸው፤ ሰፊ ቦት ጫማ ሁለቱን አብሮ ይረግጣል። ከዚያ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አንደኛ አስገባና ነዳጅ ሳትሰጥ ፍሪሲዮኑን በጣም ቀስ ብለህ ልቀቅ። መኪናው ትንሽ የሚንቀጠቀጥባት ቦታ አለች። እሷን እግርህ እስኪያውቃት ሦስት አራት ጊዜ ደጋግም። ለሰውዬውም "ማንዋል ቆይቶብኛል" በላቸው። የሚደበቅ ነገር አይደለም።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። ብጋጭስ ማን ነው የሚከፍለው?

ዘይት በእጁ፦ ቁልፉን ሳትይዝ የሚጠየቅ ነው። ኢንሹራንሱ ሌላ ሰው ሲነዳ ይሸፍናል ወይ በል። ወረቀቱን በዓይንህ እይ እንጂ በቃል አትመን።

ጠያቂው፦ ተመልሻለሁ። አንዴ ብቻ ነው የጠፋብኝ፣ እሳቸውም ሳቁ። ኮፈኑ ቀዝቃዛ ነበር። ሁለተኛ ማርሽ አንገራግሮ ሲሞቅ ተስተካከለ። መታጠፊያዎቹን በ40 ነው የሄድኳቸው፤ መሪው የመንገዱን ጠጠር ሁሉ እጄ ላይ ያመጣዋል፣ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም ነበር። ፈገግታዬን መዝጋት አቃተኝ። በዚያ ደስታ መንበርከኩን ረስቼ ዋጋ መከራከር ጀምሬ ነበር እኮ! ትዝ ሲለኝ ወርጄ ዳሰስኩ። የቀኙ ደህና ነው። በግራ በኩል ጣቴ ገባ።

ዘይት በእጁ፦ እስከ የት?

ጠያቂው፦ እስከ ሁለተኛው አንጓ። አልገዛሁትም። ለሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አግኝቻለሁ፤ በዚህኛው ከመንበርከክ ነው የምጀምረው።