በመልክ የተራራቁት አንድ ዝርያ፣ የሚመሳሰሉት ሁለት ዝርያ የሚባሉት በምን መለኪያ ነው?

ጠያቂ፦
ስለ ሕያዋን ፍጥረታት አመዳደብ ሳነብ አንድ ጉዳይ ግልጽ ስላልሆነልኝ፣ በሙያው ያላችሁ እንድታብራሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቺዋዋና ግሬት ዴን የሚባሉት ውሾች በቁመትም ሆነ በክብደት እጅግ ተራርቀው ሳለ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ፈረስና አህያ ግን ያን ያህል ሳይለያዩ ሁለት ዝርያ ተደርገው ይቆጠራሉ። ድንበሩ የሚሰመረው በምንድን ነው?

መልስ 1፦
ብዙዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ኧርነስት ማየር እ.ኤ.አ. በ1942 ያቀረበው ነው። በዚህ መሠረት በተፈጥሮ እርስ በርሳቸው የሚራቡና ከሌሎች ጋር በመራባት የማይቀላቀሉ ፍጥረታት አንድ ዝርያ ይሆናሉ፤ መልክ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ አይወስንም። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም (በሕዋስ ውስጥ የዘር ውርስን የሚይዝ አካል) ስላላቸው ከሁለቱ የምትወለደው በቅሎ 63 ይኖራታል፤ የዘር ሕዋስ በሚሠራበት ጊዜ ክሮሞዞሞቹ በአግባቡ ስለማይጣመሩም፣ እጅግ ጥቂት ከሆኑ አጋጣሚዎች በቀር በቅሎ አትወልድም። የውሾቹ ልዩነት ግን ሰው እየመረጠ በማዳቀሉ የመጣ ነው፤ ልጆቻቸውም መውለድ ይችላሉ።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ሆኖም የተገላቢጦሹ ጉዳይ፣ ማለትም በመልክ ተመሳስለው የተለያዩ ዝርያዎች የሆኑት፣ ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል ብዬ አምናለሁ። አኖፊለስ ጋምቢዬ በሚል አንድ ስም ስትጠራ የኖረችው የወባ ትንኝ፣ በማዳቀል ሙከራና በክሮሞዞም ምርመራ ስትጠና በርካታ ዝርያዎችን ያቀፈች ስብስብ ሆና ተገኘች። ከስብስቡ ሁለቱን ማይክሮስኮፕ ሥር ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው የክንፋቸው ነጠብጣብም ሆነ የእግራቸው ቀለም አንዷን ከሌላዋ በአስተማማኝ አያስለይም፤ ከእግራቸው ዲኤንኤ አውጥቶ መመርመር ያስፈልጋል። ሲዳቀሉ ግን የሚወለዱት ወንዶች አብዛኛውን ጊዜ መካን ይሆናሉ። ጠባያቸውም ይለያያል፤ ጋምቢዬ የምትባለው በአብዛኛው ሰውን ቤት ውስጥ ስትነክስ፣ አረቢየንሲስ ከብትንም ትነክሳለች፣ ከቤት ውጭም ታርፋለች፤ ኳድሪአኑላተስ ደግሞ በዋናነት እንስሳትን ስለምትነክስ ወባን በማስተላለፍ አትታወቅም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚረጨው ኬሚካል ለአንዷ የሚሠራውን ያህል ለሌላዋ ላይሠራ ይችላል፤ ሦስቱን እንደ አንድ ቆጥሮ የመከላከያ ዕቅድ ማውጣት የሰው ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ስሕተት ነው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ታዲያ ይህ መለኪያ ለሁሉም ፍጥረታት ይሠራል? በሰው ልጆች መካከል ያለው ልዩነትስ እንዴት ይታያል?

መልስ 3፦
ለሁሉም አይሠራም። ባክቴሪያ ለሁለት እየተከፈለ ስለሚራባ መለኪያው አይገጥመውም፤ ቡናማ ድብና የዋልታ ድብም ሁለት ዝርያ ተብለው ሳለ መውለድ የሚችሉ ልጆች ያፈራሉ። አንድ ዝርያ ለሁለት የሚከፈለው ብዙውን ጊዜ በረጅም ዘመን ስለሆነ፣ መለያየታቸውን ያልጨረሱ ፍጥረታት መኖራቸው የሚጠበቅ ነው። የሰውን ልጅ በተመለከተ የዘር ውርስ ተመራማሪው ሪቻርድ ሌዎንቲን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት፣ ከዘር ውርስ ልዩነታችን 85 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንድ ሕዝብ አባላት መካከል መሆኑን አሳይቷል፤ የኋላ የዲኤንኤ ጥናቶችም ተቀራራቢ ውጤት አግኝተዋል። በመሆኑም በቆዳ ቀለም ወይም በፊት ቅርጽ ተነሥቶ የዛሬውን የሰው ልጅ በንዑስ ዝርያ መከፋፈል ሳይንሳዊ መሠረት የለውም።