«የማኪዮካ እህትማማቾች» ለምን እንዲያ ያልቃል?

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)፦
ሰላም ቤተሰብ። የጃፓናዊውን የጁንኢቺሮ ታኒዛኪን «የማኪዮካ እህትማማቾች» በእንግሊዝኛ ትናንት ማታ ጨረስኩ። ቤተሰቡ የኦሳካ የድሮ ነጋዴ ነው። አባት ሞቷል፣ ሱቁ ለሌላ ተላልፏል። የቀረው ስም ነው። ከአራቱ እህቶች ሦስተኛዋን፣ ዩኪኮን፣ ለመዳር ይለፋሉ። ሰው ይመጣል፣ ይጠናል፣ ይመለሳል። በስንት መከራ ባል ተገኘ። ከዚያ ለሠርጉ ወደ ቶኪዮ በባቡር ስትሄድ ተቅማጥ ይዟት አልለቅ እንዳላት መጽሐፉ አለቀ።

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ዩኪኮ ውስጥ አክስቴን አይቻት ነበር። አያቴ የሼመንደፈር ሠራተኛ ነበር። ያኔ ከዚራ ውስጥ የምድር ባቡር ሰው መሆን ትልቅ ነገር ነው። ለአክስቴ ሽማግሌ ሲመጣ አያቴ አጥንት ያስቆጥራል። አንዱ የከባድ መኪና ሾፌር ነው ተብሎ ተመለሰ። ሌላው ዘመዶቹ አይታወቁም ተባለ። ባቡሩ እየደከመ ሄደ፣ የእኛም ቤት አብሮት። ሽማግሌም መምጣቱን ተወ። አክስቴ ዛሬም እዚያው ግቢ ናት። ቢያንስ ዩኪኮ ስትዳር ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደራሲው ለምን ይህን ነፈገኝ?

ጀጎል (ሐረር)፦
እህቴ፣ ዩኪኮ ራሷ መች ደስ አላት? የሠርግ ልብሷ ሲመጣ እንኳ ለሠርግ ባልሆነ ብላ ተከዘች። እኔን የያዘኝ የጋዜጣው ነገር ነው። ታናሿ ታኤኮ ከሀብታም ልጅ ጋር ስትኮበልል ጋዜጣው ተሳስቶ የዩኪኮን ስም አወጣ። የታላቅየው እህት ባል ይስተካከል አለ። ጋዜጣው ደግሞ «አስተካክሎ» የታኤኮን ስም አወጣ። በአንድ ወሬ የሁለቱም ስም ተነሳ። ለስም የሚኖር ቤት በስሙ ሲመታ እንዲህ ነው።

እኛም በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ የሴት አያቴ ሁለት ቤቶች ሄዱ። ነደባው ላይ፣ ማለትም በሐረሪ ቤት መቀመጫ መደብ ላይ፣ ግን እንግዳ እስከ ዛሬ እንደ ማዕረጉ ነው የሚቀመጠው። ከግድግዳው ስፌቶች አንዱም አልተሸጠም። ያን ጊዜ ጤፍ በብድር ይገዛ እንደነበር የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

ደቻቱ ማዶ (ድሬዳዋ)፦
አቦ፣ የጎርፉን ምዕራፍ እንዴት አለፋችሁት! እ.ኤ.አ. በ1938 ኮቤና አካባቢዋን በእውነት የመታ ጎርፍ ነው። በእኛ አቆጣጠር የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሌሊት ያየ ሰው ያን ምዕራፍ ቁጭ ብሎ አያነበውም። እኔ ሁለት ጊዜ ዘግቼው ወጥቻለሁ። ታኤኮ ልብስ ስፌት ትምህርት ቤት ውስጥ ውኃ ከበባት። ኢታኩራ የሚባል ፎቶ አንሺ ገብቶ አወጣት። ድሮ በሀብታም ቤት ሱቅ ያደገ ተላላኪ ነው። ቤተሰቡ አመሰገነው። ትዳር ሲነሳ ግን የማይታሰብ ሆነ። የሕይወት ውለታ እንኳ የዘር ግንቡን አልነቀነቀውም። እሱም በጆሮ ሕክምና ጦስ እግሩ ተቆርጦ ሞተ።

ስለ መጨረሻው ዘመኑን ተመልከቺ። ባቡሩ የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ1941 ጸደይ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጃፓን ከአሜሪካ ጋር ጦርነት ገባች። ታኒዛኪ ልብ ወለዱን በመጽሔት ማውጣት የጀመረው በ1943 ነው፤ ወታደሮቹ ወዲያው አስቆሙት። ሙሉው ታትሞ ሲያልቅ 1948 ሆኗል፣ ኦሳካ በቦምብ ተቃጥላለች። አንባቢው ያቺ ሙሽራ ወዴት እንደምትሄድ ያውቃል። እልልታ ቢጨምርበት ውሸት ይሆን ነበር።

የከዚራ ልጅ፦
ይሄን አላሰብኩትም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ቡና ላይ የጎርፉን ክፍል ለአክስቴ በአማርኛ አወራኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ፎቶ አንሺው ምን ጎደለው?» አለችኝ። ሦስተኛውን ሳትጠጣ ተነስታ ገባች።