እርዱኝ! የጨሌ አምባሩ መቆለፊያው ጋ ተበጠሰ

ጠያቂ፦
እባካችሁ ቶሎ! ነገ ጠዋት የማስረክበው አምባር አሁን እጅ ላይ ሲሞከር መቆለፊያው ጋ ተበጠሰ። ጨሌው እየተንጠባጠበ ነው። ክሩ አይረባም ማለት ነው፤ ወፍራም ክር ልግዛ? ሙሉውን ልፍታው ወይስ ይጠገናል?

ረድፍ በረድፍ፦
መጀመሪያ እጅሽን አንሺ። የተፈታውን ጫፍ ከላይም ከታችም ፕላስተር ለጥፊበት፤ አለበለዚያ በነካሽው ቁጥር አንድ ረድፍ ይሄዳል። ከዚያ ምን ስፌት እንደሆነ፣ የጨሌው መጠን ስንት ቁጥር እንደሆነ፣ የክሩ ጭራ ምን ያህል እንደቀረ ንገሪን። «ተበጠሰ» ብቻ ብለሽ ማን ምን ይበልሽ?

ቶሎቶሎ፦
ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጊበት። አለቀ።

ሰም ወዳጅ፦
ሁሌ የምለው ነው፤ ሰም ያልነካው ክር ዕድሜ የለውም። ናይለን ከሆነ መጀመሪያ በሁለት እጅ ይዘሽ ሳቢው፤ መለጠጡ አስቀድሞ ካልወጣ በኋላ አምባሩ ላይ ይወጣና ስፌቱ ይላላል። ቀጥሎ በንብ ሰም ላይ ሁለቴ አሳልፊው፣ ትርፉን በጣትሽ ጥረጊ። ርዝመቱም ከ1.5 ሜትር አይብለጥ፤ የረዘመ ክር በየቀዳዳው ሲመላለስ ይላጫል። ስትጀምሪም 20 ሴ.ሜ ጭራ መተው...

ቀልዱን ነው፦
ሰውዬ፣ ነገ ጠዋት ናት ያለችው። አንተ ገና ከቀፎው ጀመርክ?

ጠያቂ፦
ይቅርታ። ፔዮት ስፌት ነው (ጨሌው አንድ እየዘለለ እንደ ጡብ ግድግዳ የሚደረደርበት)፣ ወርዱ 12 ጨሌ፣ ጨሌው 11 ቁጥር፣ ክሩ ናይለን። ጫፉ ላይ ስድስት ባለ 6 ሚ.ሜ ቱቦ ዶቃ ገብቶ ነው መቆለፊያው የታሰረው። 3 ረድፍ ተፈትቷል። ጭራው 4 ሴ.ሜ ብቻ ነው የቀረው።

መርፌ 12፦
በቃ፣ ነገሩ ታወቀ። ክሩን በከንቱ አትውቀሺው፤ ቱቦው ነው የቆረጠው። ቱቦ ዶቃ ከረጅም የብርጭቆ ቱቦ እየተቆረጠ ስለሚወጣ ጠርዙ ስለት ነው። መቆለፊያው በተሳበ ቁጥር ክሩን ይገዘግዘዋል። የተበጠሰውን ጫፍ እይው፦ በምላጭ የተቆረጠ ከመሰለ ጥፋቱ የቱቦው ነው፤ ሳስቶ ከተንጨፈረረ ግን መፈተግ ነው። ወፍራም ክር ደግሞ ያባብስብሻል። የ11 ቁጥር ጨሌ ቀዳዳ ከ1 ሚ.ሜ በታች ነው፤ ወፍራሙ ሁለቴ ካለፈበት መርፌው ይቀረቀራል፣ ስትገፊው ጨሌው ይሰነጠቃል።

ጠያቂ፦
ቱቦው እኮ በእጅ ሲነካ ለስላሳ ነው።

መርፌ 12፦
ጣት አይለየውም። ቁራጭ ክር አስገቢና ጠርዙ ላይ አሥር ጊዜ ወዲህ ወዲያ በይው። ክሩ ከሻከረ ያንን ቱቦ ጣይው።

ቶሎቶሎ፦
ሱፐር ግሉ ግን 10 ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

ረድፍ በረድፍ፦
ሱፐር ግሉ ክሩን ያደርቀዋል፣ ከዚያ ከደረቀው ቦታ አጠገብ ይሰበራል። ተዪው።

ሙሉውን አትፍቺ። ላላ ያለውን ሁሉ አውጥተሽ የጠበቀ ሙሉ ረድፍ ላይ ቁሚ። ስትፈቺ ጭራው ይረዝማል፤ 12 ሴ.ሜ ያህል ሲሆን መርፌ አስገቢበትና ወደ ኋላ ስፌቱ ውስጥ ደብቂው፣ ግን ገና አትቁረጪ። አዲሱን ክር ከጫፉ 6 ወይም 7 ረድፍ ወደ ውስጥ ገብተሽ ጀምሪ፤ የድሮው ክር በሄደበት መንገድ ዚግዛግ እየሄድሽ፣ በሁለት ጨሌ መካከል የሚታየውን ክር ጠልፈሽ ቋጥሪ፣ ሁለት ቦታ። አሮጌውንና አዲሱን ክር አንድ ላይ አትቋጥሪ፤ ቋጠሮው ቀዳዳ ውስጥ አይገባም፣ ውጭም ያስጠላል። መርፌሽ ጫፉ ላይ የድሮው ክር ይወጣበት በነበረው ጨሌ በኩል፣ በዚያው አቅጣጫ ይውጣ።

ከዚያ መስፋት ነው። ወርዱ 12 ስለሆነ በአንድ ረድፍ የምትጨምሪው 6 ጨሌ ብቻ ነው፣ ብቅ ብቅ ባሉት መካከል። ሲያልቅ ከእያንዳንዱ ብቅ ካለ ጨሌ አንድ ጨሌ፣ ቱቦ፣ አንድ ጨሌ፣ ከዚያ የመቆለፊያው ቀለበት፤ በዚያው ተመለሺ። ሁለቱ ጨሌዎች ክሩን ከቱቦው ጠርዝ ያርቁታል። አምባሩ 3 ሚ.ሜ ያህል ይረዝማል፤ ካስቸገረሽ ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ቀንሺ። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ አመላልሺው።

መርፌ 12፦
የመቆለፊያው ቀለበት ክፍተት ካለው ክሩ በዚያ ሾልኮ ይወጣል ወይም ይቆረጣል፤ የተበየደ ይሁን። መርፌሽም 12 ቁጥር ይሁን (ቁጥሩ ሲበዛ መርፌው ይቀጥናል)፣ 10 ቁጥር ሦስተኛው ዙር ላይ እምቢ ይላል። በስህተት የገባ ጨሌ ካለም ዝም ብለሽ በፒንሳ አትጭመቂው፣ ስባሪው ክሩን ይቆርጣል። ቀዳዳው ውስጥ ወፈር ያለ መርፌ ሰክተሽ ስበሪው፣ ወደ ውጭ ይፈነዳል። ዓይንሽን ሸፍኚ።

ሰም ወዳጅ፦
እና ክሩን ሰም ቀቢው።

ቀልዱን ነው፦
አሜን።

አዲስ ገቢ፦
እግረ መንገዴን፦ የኔው በላስቲክ የተሠራ ነው፣ ቋጠሮው ይፈታል። ምን ላድርግ?

መርፌ 12፦
ላስቲኩን ሳትሠሪበት ሳብ ሳብ አድርጊው። ስትቋጥሪ የመጀመሪያውን ዙር ሁለቴ ጠምዝዢው፣ ከዚያ ከላይ አንድ ደግመሽ አጥብቂ። የሚተጣጠፍ ሙጫ ጠብ አድርገሽበት ሲደርቅ ቋጠሮውን ሰፊ ቀዳዳ ያለው ዶቃ ውስጥ ሳቢው።

ቀልዱን ነው፦
ነጋ እኮ። አምባሩስ?

ቶሎቶሎ፦
ሱፐር ግሉ ያልኩት ለላስቲኩ ነበር።