ከባሕር ዳር ወደብ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ፦ የሕዝብ መርከብ ወይስ የኮንትራት ጀልባ?

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴንና ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላቸውን እናቴን ይዤ በመጪው ወር ወደ ባሕር ዳር ለመጓዝ አስቤአለሁ። እናቴ ሐይቅ እስጢፋኖስን እየተሳለሙ ያደጉ ሰው ናቸው፤ በጣና ዳጋ ደሴት ላይ ያለውን የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያቀኑት አቡነ ኂሩተ አምላክ ከዚሁ ከኛው ሐይቅ የወጡ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዝሙር መሆናቸውን ከሰሙ ወዲህ ግን ልባቸው ዳጋ ሆኗል። ባሕር ዳር የምንቆየው ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ከከተማው ወደብ በሚነሣው የሕዝብ መርከብ መሄድ ይሻለናል ወይስ ጀልባ በኮንትራት መያዝ? ዘጌንና ዳጋን በአንድ ቀን አዳርሶ መመለስስ ይቻላል?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ የሕዝቡን መርከብ ለዚህ ጉዞ አያስቡት። መርከቡ ዘጌን፣ ደቅንና ቁንዝላን እየነካ ሐይቁን አቋርጦ እስከ ጎርጎራ የሚዘልቅ፣ በዋነኛነትም የደሴቶቹንና የዳርቻውን ነዋሪ ከነእህሉና ከነሸቀጡ የሚያመላልስ በመሆኑ ጎብኚ ተሳልሞ እስኪመለስ ቆሞ አይጠብቅም። ከዳጋ ጎን ባለው ደቅ ደሴት ላይ ከወረዱ መርከቡ ዞሮ እስኪመጣ እዚያው መሰንበትዎ ነው። ጊዜ ላለው ሰው ግን የጣናን ኑሮ ከዚያ የተሻለ የሚያሳይ ነገር ያለ አይመስለኝም።

በኮንትራት ጀልባ ዳጋ ሦስት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል፤ መመለሻው ያው ነው። ዘጌን በዚያው ቀን መጨመር እናትዎን ማድከም ስለሚሆን ለማግሥቱ ያቆዩት። ዘጌ ደሴት ሳይሆን ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነውና በመኪናም ይደረሳል። የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕልና በቡና ጫካው ውስጥ ያለውን የእግር መንገድ ሳይቸኩሉ ቢያዩት ይሻላል።

እመት ሰኞ ገበያ (ደሴ)፦
ቦርከና የነገሩዎት ሁሉ እውነት ነው፤ ዋናው ነገር ግን ተዘሏል። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አትገባም። ሌላው የጣና ደሴት ገዳም ክብራን ገብርኤልም እንደዚሁ ነው። እናትዎ ይህን ወደቡ ላይ ከሚሰሙት ከወዲሁ ቢነግሯቸው መልካም ነው።

እኛ ባለፈው ዓመት የሄድን ጊዜ ጀልባው እኔንና እኅቴን ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ አውርዶ ወንዶቹን ከጎኑ ወዳለው ዳጋ አሻገራቸው። እነሱ የይኩኖ አምላክን፣ የዘርዓ ያዕቆብንና የፋሲልን አፅም አይተው እስኪመለሱ እኛ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯትን ናርጋን በእርጋታ ተሳለምን። እቴጌይቱ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉበትን ሥዕል ስናይ ቆየን፤ እውነቱን ለመናገር ወንዶቹ ቶሎ መጡብን።

ጥፋታችን አርፍደን መነሣታችን ነበር። ጣና ጠዋት እንደ መስተዋት ሆኖ ይውልና ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ይናወጣል። ስንመለስ ማዕበሉ ጀልባዋን እየመታ እስከ ጉልበታችን አረጠበን፤ እኅቴ እስከ ወደቡ ድረስ ውዳሴ ማርያም አላቋረጠችም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ብትነሡ ማለፊያ ነው፤ የሕይወት አድን ጃኬቱም ለሦስታችሁም መኖሩን ሳታዩ እግራችሁን ወደ ጀልባው እንዳታነሡ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
እመት፣ ልክ ነዎት፤ እኔ የሄድኩት ከጓደኞቼ ጋር ስለነበር አላሰብኩትም። ስለ ዋጋው አንድ ነገር ልጨምር። የኮንትራት ጀልባ የሚከፈለው በሰው ሳይሆን በጀልባው ስለሆነ፣ ከማደሪያችሁ ሌላ ቤተሰብ ብታገኙ ወጪው ይቀልላችኋል። ስትዋዋሉ የምትሄዱባቸውን ደሴቶች አንድ በአንድ ጥሩ፣ ነዳጁ በዋጋው ውስጥ መሆኑንም አስረግጡ፤ እኛን ነጂው ሐይቁ መሀል ላይ «ናርጋ በውሉ የለም» ብሎ ተጨማሪ አስከፍሎናል። የገዳማቱ መግቢያ ለየብቻ ስለሚከፈል ዝርዝር ብር ያዙ። ከደሴ በወልዲያና በደብረ ታቦር በኩል ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ከመነሣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን መናኸሪያ ጠይቁ፤ ካልሆነ ከኮምቦልቻ በአዲስ አበባ በኩል በአውሮፕላን ነው።

ክብራንን ለማየት ካሰቡም ለወደቡ ቅርብ ነው። አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ የሴቶች ገዳም ስለሆነ እናትዎና ባለቤትዎ እዚያ ሊወርዱ ይችላሉ።

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለእናቴ ትናንት ማታ ቡና ላይ እንደፈራሁት ነገርኳቸው። «ሐይቅስ ቢሆን መቼ ወንዶቹ ገዳም ገብቼ አውቃለሁ? እድሜ ልኬን ከማዶ ነው የተሳለምኩት፤ ዳጋንም ከናርጋ እሳለመዋለሁ» አሉኝ። እንግዲያው የመጀመሪያውን ቀን ለናርጋና ለዳጋ፣ ሁለተኛውን ለዘጌ አድርገነዋል። በዚያ ሰሞን ከባሕር ዳር ወደ ናርጋ የሚሄድ ቤተሰብ ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ፤ ጀልባውን እንጋራለን።