ብላክጃክ ላይ ሁለት 8 ሲመጣ ይከፈላል ወይስ ይቆማል?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ጤና ይስጥልኝ። የአክስቴ ልጅ ለበዓል ከውጭ መጥታ ብላክጃክ የሚባል የካርታ ጨዋታ አስተማረችን፤ ከ21 ሳያልፍ ከአዳዩ ይልቅ ለ21 የቀረበ ያሸንፋል። ማታ ማታ ጋቢያችንን ደርበን ምድጃ ከበን እንጫወታለን። በብር አይደለም፣ በባቄላ ቆሎ ነው። ትናንት 10 ፍሬ አስይዤ ሁለት 8 ደረሰኝ። የምታድለው እሷ ናት፤ 10 ገልጣለች። «ክፈላቸው» አለችኝ፤ ሁለቱን ለያይተህ፣ ለሁለተኛውም እኩል አስይዘህ እንደ ሁለት እጅ ተጫወት ማለቷ ነው። ሌላ 10 ፍሬ መጨመር ፈራሁና 16 ላይ ቆምኩ። ተበላሁ። ቀጥሎ ሁለት ኤስ (1 ወይም 11 የሚቆጠር ካርታ) መጣልኝ፣ ከፈልኩ። አንዱ ላይ ኪንግ ወረደ። «ብላክጃክ!» ስል «አይደለም፣ ተራ 21 ነው» አለች። እውነቷን ነው?

የመንዝ ልጅ፦
እውነቷን ነው። ብላክጃክ የሚባለው መጀመሪያ የታደሉህ ሁለት ካርታዎች ኤስና ባለ 10 (10፣ ጃክ፣ ኩዊን ወይም ኪንግ) ሲሆኑ ነው። ከፍለህ ያገኘኸው 21 ካዚኖም ውስጥ ያስያዝከውን ያህል ብቻ ያስገኝልሃል እንጂ የተለመደው የብላክጃክ 3 ለ2 (2 ላስያዘ 3) የለም። ኤስ ስትከፍል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ አንድ ካርታ ብቻ ነው የሚጣልልህ።

ሸዋ ሮቢት ነኝ፦
8ቱን ግን መክፈል ነበረብህ ወንድሜ። 16 ክፉ ቁጥር ነው። ብትስብ፣ ከ13ቱ የካርታ ዓይነት ከ6 እስከ ኪንግ ያሉት 8ቱ ከ21 ያሳልፉሃል። ብትቆም ደግሞ አዳይዋ 17 እስክትደርስ መሳብ ግዴታዋ ነው፤ የምታሸንፈው እሷ ከ21 ካለፈች ብቻ ነው። ስትከፍል ሁለቴ ከ8 ትጀምራለህ። 10 ገልጣ ከሆነ ያኔም ልትበላ ትችላለህ፣ ግን ብዙ ዙር ስትጫወት የምታጣው ያንሳል።

ይፋቴዋ፦
እኔ ሁለት 10 ሲመጣልኝም እከፍላለሁ።

ሸዋ ሮቢት ነኝ፦
ተይ እህቴ! 20 ይዘሽ ምን ያስከፍልሻል? የሚበልጥሽ 21 ብቻ ነው። ሁለት 5ም አይከፈልም። አዳይዋ ከ2 እስከ 9 ከገለጠች ያስያዝሽውን እጥፍ አድርጊና አንድ ካርታ ተቀበዪ።

ይፋቴዋ፦
9 እና 9ስ?

የመንዝ ልጅ፦
7፣ ባለ 10 ወይም ኤስ ከተገለጠ ቁሚ፣ ሌላው ላይ ክፈዪ። 7 ላይ የምትቆሚው ከስሯ 10 ካለ 17 ስለሚሆንባት ነው፤ ያንቺ 18 ይበልጣታል።

አባባ ከደብረ ሲና፦
ልጆቼ፣ ካርታው ሳይታደል ተስማሙ። 10 እና ኪንግ ዋጋቸው እኩል ነው ተብሎ ይከፈላሉ? አንዳንድ ካዚኖ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ አይፈቅድም። የተከፈለ 8 ላይ ሌላ 8 ቢደገምስ? ብዙ ቦታ እስከ አራት እጅ ድረስ ይከፈላል። በቤታችሁ እንዴት እንደሆነ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ አባባ፣ ሁላችሁንም። ለአክስቴ ልጅ አነበብኩላት። ወረቀቱን አሁን እየጻፍን ነው፤ ኪንግና 10 አይከፈሉም ብለናል።