አንዴ 1 ይቀነሳል፣ አንዴ 1 ይደመራል፤ መቼ የትኛው ነው?

የሌሊት ተማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትምህርት ካቆምኩ 11 ዓመት አልፎኛል፤ አሁን ለመግቢያ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ካልኩሌተር አይፈቀድም፣ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰኝ ጊዜ ደግሞ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ክፍልፋዩም ፐርሰንቱም ቀስ በቀስ ተመልሶልኛል። አርትሜቲክ ሲኩዌንስ ግን፣ ያ በእኩል ልዩነት የሚሄደው የቁጥሮች ተርታ (እያንዳንዱ ቁጥር «ተርም» ይባላል)፣ ያስለቅሰኝ ጀምሯል።

ትናንት ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ስቀመጥ የገጠመኝ ይሄ ነው፦ «የአንድ አርትሜቲክ ሲኩዌንስ 4ኛው ተርም 19፣ 12ኛው ተርም 67 ነው። 50ኛው ተርም ስንት ነው?» ምርጫዎቹ ሀ. 289፣ ለ. 295፣ ሐ. 300፣ መ. 301።

ከ4 እስከ 12 በጣቴ ቆጠርኩ፣ 9 ሆነ። ከ67 ላይ 19 ሲነሳ 48። 48ን ለ9 ባካፍለው እምቢ አለኝ። «እንግዲያው ለ8 ይሆናላ» ብዬ ለ8 አካፈልኩት፣ 6 መጣ። ለምን ለ8 እንደሆነ ግን አልገባኝም፤ የቀየርኩት 9 እምቢ ስላለኝ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሼ የመጀመሪያው ተርም 1 መሆኑን አገኘሁ፣ 50ን በ6 አባዝቼ 1 ደመርኩና «መ»ን አከበብኩ። መልሱ «ለ» ነው።

ተናድጄ ወደ ሚቀጥለው አለፍኩ፦ «በ100 እና በ300 መካከል ለ7 ያለ ቀሪ የሚካፈሉ ስንት ቁጥሮች አሉ?» የመጀመሪያው 105፣ የመጨረሻው 294። ልዩነታቸው 189፣ ለ7 ሲካፈል 27። አሁንስ ነቅቻለሁ ብዬ 27 አልኩ። መልሱ 28!

እዚያ አንድ ቀንሺ፣ እዚህ አንድ ጨምሪ። እባካችሁ «ቀመሩ እንዲህ ነው» ብላችሁ አትመልሱልኝ፤ ቀመሩን ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ በቃሌም እወጣዋለሁ። የጨነቀኝ መቼ የትኛው እንደሚገባ ነው።

ፈጣን እርሳስ፦

የመጀመሪያውን ተርም ማን ጠየቀሽ? 67 በእጅሽ አለ። ከ12ኛው ወደ 50ኛው 38 እርምጃ ነው። 38 በ6 ሲባዛ 228፣ ሲደመር 67፣ 295። አለቀ። ወደ 1ኛው ተርም መመለስ ጊዜ ከማባከኑም በላይ ለመሳሳት አንድ ተጨማሪ በር ይከፍታል።

ጡረተኛው መምህር፦

ፈጣን እርሳስ ያለው ልክ ነው፤ እህታችን የጠየቀችው ግን እሱን አይደለም።

ልጄ፣ ግራ እጅሽን ዘርጊ። ጣቶችሽ 5 ናቸው፤ በጣቶችሽ መካከል ያለው ክፍተት ግን 4 ነው። ተርሞቹ ጣቶች ናቸው። ያ 6 ያልሽው ልዩነት ደግሞ የሚኖረው ጣቱ ላይ ሳይሆን ክፍተቱ ውስጥ ነው። ከ4ኛው እስከ 12ኛው ስትቆጥሪ 9 ያገኘሽው ጣቶቹን ስለቆጠርሽ ነው፤ ቆጠራሽ አልተሳሳተም፣ የቆጠርሽው ነገር ነው የተሳሳተው። 48 የተከፋፈለው በ8ቱ ክፍተቶች ላይ ነው። ከ1ኛው ጣት ተነስተሽ 50ኛው ላይ ለመድረስም የምትሻገሪው 49 ክፍተት ነው። 49 በ6 ሲባዛ 294፣ ሲደመር 1፣ ይኸው 295።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ 189ን ለ7 ስታካፍዪ ያገኘሽው 27 የክፍተት ብዛት ነው። የተጠየቅሽው ግን ስንት ቁጥሮች እንዳሉ፣ ማለትም ጣቶቹን ነው። ስለዚህ 28። አየሽ፣ የምትቀንሺው ጣት ተሰጥቶሽ ክፍተት ስትፈልጊ ነው፤ የምትጨምሪው ክፍተት አግኝተሽ ጣት ስትጠየቂ ነው።

ስለ ምርጫዎቹም አንድ ነገር ልጨምር፤ ፈተና ሳወጣ ነው የኖርኩት። የተሳሳተ ምርጫ እንዲሁ በግምት አይጻፍም። እዚህ 301 51ኛው ተርም ነው፣ 289 ደግሞ 49ኛው። በአንድ ወደፊት የሳተም፣ በአንድ ወደኋላ የሳተም መልሱን እዚያው ያገኘዋል፤ አግኝቶም ደስ ብሎት ያከብባል። 300 ደግሞ 50ን በ6 አባዝቶ ለተቀመጠ ሰው የተዘጋጀ ነው። የሠራሽው ከምርጫዎቹ ውስጥ ስለተገኘ ብቻ ልክ ነው ብለሽ አትመኚ።

«መካከል» የምትለዋንም ቃል ተጠንቀቂያት። 100ም 300ም ለ7 ስለማይካፈሉ እዚህ ለውጥ አላመጣችም። ጥያቄው «ከ105 የሚበልጡ፣ ከ294 የሚያንሱ» ቢል ኖሮ ግን ሁለቱ ጫፎች ይወጡና 26 ይሆን ነበር።

ሰባት ሲደመር፦

ድምር ላይ ስትደርሺ ደግሞ ሁሉም ሰው የሒሳብ ሊቁ ጋውስ በልጅነቱ ከ1 እስከ 100 ያለውን ደምሮ 5050 አለ የሚባለውን ታሪክ ይነግርሻል፤ እኔ እተወዋለሁ። ፈተና ላይ የጠቀመኝ ይሄኛው ነው፦ «የመጀመሪያዎቹ 15 ተርሞች ድምር 360 ነው፤ 8ኛው ተርም ስንት ነው?» ብዙ ሰው የመጀመሪያውንና ልዩነቱን ፍለጋ ይገባል፤ በዚህ መረጃ ብቻ ሁለቱም አይገኙም። 360ን ለ15 ማካፈል ይበቃል፣ 24። 1ኛውና 15ኛው፣ 2ኛውና 14ኛው እያልሽ ብታጣምሪያቸው የእያንዳንዱ ጥንድ አማካይ መሃል ላይ ያለው 8ኛው ነው።

ፈጣን እርሳስ፦

የተርሞቹ ብዛት ጎደሎ ቁጥር ሲሆን ብቻ እንደሆነ ንገራት እንጂ! 16 ቢሆኑ መሃል ላይ የሚቀመጥ ተርም የለም፤ የምታገኘው የ8ኛውንና የ9ኛውን አማካይ ነው።

ሰባት ሲደመር፦

ልክ ነህ፣ ዘልዬዋለሁ።

የሌሊት ተማሪ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጣቴን ዘርግቼ ሳይ ትልቋ ልጄ ነቅታ «እማዬ፣ ምን እየቆጠርሽ ነው?» አለችኝ። ክፍተት ብላት ሳቀች።

ራሴን ለመፈተን አንድ ጥያቄ ፈጠርኩ፤ በ200 እና በ500 መካከል ለ9 የሚካፈሉ ስንት ናቸው? የመጀመሪያው 207፣ የመጨረሻው 495። ልዩነቱ 288፣ ለ9 ሲካፈል 32 ክፍተት፤ ስለዚህ 33 ቁጥር። ደግሞ በሌላ መንገድ ሞከርኩት፤ 207 ማለት 9 በ23፣ 495 ማለት 9 በ55 ነው። ከ23 እስከ 55 ያሉትን ብቆጥር ያው 33 ይመጣል። ልክ ነኝ?

ጡረተኛው መምህር፦

33 ነው። በይ አሁን ተኚ።